እንግዳውና እንግዴ ልጁ

ሐርጌሳ ከፍርስራሿ ስትነሣ ከሁሉም ቀድሞ የቆመው ነገር ሪባን ነው ብትል ኡምሰልማን የሚሞግታት አልነበረም። አዋላጅ ሆና የምትሠራበት የኮድቡር ሰፈር ክሊኒክ በጦርነቱ ጊዜ ጣሪያውንም በሮቹንም ዘራፊ ወስዶበታል። ጣሪያው ተመለሰ፣ በርም ተገጠመ፤ ቁልፍ ግን የለውም። ቁልፉ በሚቀጥለው በጀት ነው። እስከዚያው የውጭ ለጋሾች ለወላዶች የላኩትን ጓንት፣ የማዋለጃ ዕቃና ደም የሚያቆመውን መርፌ የሚጠብቀው በዕቃ ክፍሉ በር ላይ የተወጠረ ቀይ ሪባን ነው። ከሪባኑ ጎን ዘበኛው ኤልሚ የመመረቂያውን መቀስ በቬልቬት ትራስ ላይ አኑሮ ይቀመጣል።

ዕቃው ሳይመረቅ አይነካም። ይህን የነገራት የዕርዳታ ቢሮው አስተባባሪ ናስር ነው፤ እንደሷው የድሬዳዋ ልጅ፣ ክራቫቱ ግን የጄኔቭ። ከለጋሹ ድርጅት እንግዳ ይመጣል፣ ሪባኑን ይቆርጣል፣ ፎቶ ይነሳል፤ ከዚያ ወዲያ ሴቶቹ እንደልባቸው መውለድ ይችላሉ። እንግዳው ደግሞ አንዴ አቧራው፣ አንዴ ስብሰባው እያለ ከረመ። ስትጨቀጭቀው ናስር ሰብር አድርጊ፣ ታገሺ ይላታል። ሰብሩን ለማኅፀን አንተው ንገረው ብላው ታውቃለች።

ጎረቤቷ ዘኪያ ግን ሰብር አላደረገችም። ልብስ ከምትሸጥበት ገበያ ምጥ ይዟት መጣች፤ ወንድ ልጅ በሰላም ተገላገለች። ከዚያ እንግዴ ልጁ አልወጣ አለ። ደሙ ይወርድ ጀመር። ኡምሰልማ ሆዷን ብታሽ፣ ብትጠብቅ፣ ጨርቁ ራሰ፤ የዘኪያ ከንፈር ነጣ። ያንን መርፌ ካላገኘች ትሞትባታለች። ሮጣ ወጥታ ኤልሚን በሶማልኛ አጎቴ ብላ ጠራችው።

"አዴር፣ እንግዴ ልጁ አልመጣም፤ ልለፍ።"

ኤልሚ ከሷ ጋር የሚግባባበትን አማርኛ የለመደው በስደቱ ጊዜ፣ ኢትዮጵያ ካምፕ ውስጥ ነው፤ ያም የራሽን ሰልፍ አማርኛ እንጂ የማዋለጃ ክፍል አማርኛ አይደለም። በሐዘኔታ አያት።

"አውቃለሁ። እንግዳው አልመጣም። ስለዚህ አይከፈትም።"

ልታስረዳው አፏን ከፈተች፤ መልሳ ገጠመችው። ሴት ደሟ እየፈሰሰ ሰዋስው አያስተምሩም።

"እንግዳው መጥቷል" አለችው። "ውስጥ ነው። መቀሱን ቶሎ።"

አልዋሸችም፤ ከዘኪያ ልጅ የበለጠ እንግዳ በከተማው አልነበረም። ኤልሚ ተነሣ፣ ቆቡን አቃና፣ መቀሱን ከነትራሱ በሁለት እጁ አቀረበላት። ያለ ጭብጨባ ቆረጠችው። መርፌው ተወጋ፣ እንግዴ ልጁ ወጣ፣ ደሙ ቀነሰ፤ ማምሻውን ዘኪያ ሻይ ጠየቀች።

ናስር በማግስቱ ሲመጣ ስለ ዘኪያ አልጠየቀም። የሪባኑን ቁራጭ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ እንግዳው መጣ ያለው ማን እንደሆነ ጠየቀ። ኤልሚ በአገጩ ወደ አዋላጇ ጠቆመ።

"እኔ ያልኩት እንግዴ ልጁን ነው" አለች። "እሱም እንደ እንግዳህ ዘግይቶ ነበር።"

አልሳቀም። ከምረቃ በፊት የወጣ መርፌ ሪፖርት አይገባም፤ ስለዚህ በቢሮው ደንብ ዘኪያ ገና አልደማችም። ይህን ሲያስረዳት የዘኪያ ልጅ ግድግዳው ማዶ እያለቀሰ ነበር።

እንግዳው በስተመጨረሻ መጣ። አዲስ ቀይ ሪባን ቆረጠ፣ ተጨበጨበ፣ ፎቶው ተነሳ። አቧራው ሳይበርድ ኡምሰልማ ጓንት ልታወጣ ብትሄድ ናስር በሩ ላይ ሰማያዊ ሪባን ሲወጥር አገኘችው። የገንዘቡን እኩሌታ ያዋጣው ሌላ ድርጅት ነው አላት፤ የነሱም እንግዳ ይመጣል።

"መቼ?"

"ሰብር አድርጊ እንጂ፣ ኡምሰልማ።"

የእንግዳው መኪና ከግቢው ወጣ። ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ የተቀመጠች ሴት ወገቧን ይዛ ማቃሰት ጀምራለች። ኡምሰልማ ሰማያዊውን ሪባን እያየች ቆመች።

ኤልሚ ሴትየዋን አየ፣ በሩን አየ። ከወንበሩ ተነሥቶ ቆቡን አቃና፣ ትራሱንም ከነመቀሱ አነሣ።

"እንግዳው መጣ፣ አይደል?" አላት።