መቋሚያው ሲነሣ

ጣሊያን ከአገር ከወጣ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ቢያዝን የሚባል የወገራ ሰው አቋቋም ሊማር ጎንደር ገባ። ድጓውን ጨርሷል፤ ድምፁ የጠራ ነው፤ አንዴ የሰማውን ዜማ አይረሳም። ግራ እግሩ ግን በልጅነቱ በጽኑ ታሞ ከዳነ ወዲህ ቀጥኖ ቀርቷል። ሰውነቱን አይሸከምለትም።

ሌላውን ትምህርት ተቀምጦ ተምሮታል። አቋቋም ግን ተቀምጠው የሚዘልቁት አይደለም። መዘምራኑ ቀኝና ግራ ተሰልፈው፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ይቆማሉ። እስከዚህ ድረስ ቢያዝን ከማንም አያንስም፤ መቋሚያ መደገፍ ከሁሉ በፊት የለመደው ነገር ነው። ዝማሜው ሲጀመር ግን መቋሚያው ከመሬት ይነሣል። ከዜማው ጋር ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ዝቅ፣ ቀና ይላል። ያን ጊዜ የቢያዝን ድጋፍ አብሮ ይነሣል።

መምህሩ የኔታ ወልደኢየሱስ ነገር የማያበዙ ሰው ነበሩ። የደብሩ ክብረ በዓል ሲቃረብ ተማሪዎቹን ሰበሰቡ። በዋዜማው በሰልፉ ቆሞ ዝማሜውን በደንብ ላደረሰ አቋቋም አውቋል ብዬ እመሰክርለታለሁ አሉ። ያላደረሰው ግን፣ የሚመጣው ተማሪ ብዙ፣ ጎጆው ጥቂት ነውና፣ ወደ አገሩ ይመለሳል።

ከዚያ ወዲህ ቢያዝን እንቅልፍ አጣ። ተራው ሲደርስ ደረቱ ይጨመደዳል፤ ትንፋሹ ያጥራል፤ አሳምሮ የሚያውቀው ዜማ ከአፉ ላይ ይጠፋል። እግሩን ለምዶታል። ድምፄ ይከዳኛል ብሎ ግን አስቦ አያውቅም። ለማንም አልተናገረም። ጓደኞቹ ለምነው ያመጡትን ቁራሽ ሲካፈሉ፣ ጠግቤያለሁ እያለ ይነሣል። መንደር ዞሮ፣ ከውሻ ሸሽቶ መለመን ስለማይችል የሰው ልፋት መብላት ከብዶታል።

ጠዋት ጠዋት ወደ ቀሐ ወርዶ ብቻውን ይለማመዳል። ወንዙ ዳር ካለው ዋርካ ጀርባውን አስደግፎ መቋሚያውን ያነሣል። ዋርካው ሲይዘው ዝማሜው ያምራል። ከዋርካው ፈቀቅ ሲል ይወድቃል። ይነሣና እንደገና ይጀምራል።

አንድ ጠዋት በላቸው ልብሱን ሊያጥብ ወርዶ አገኘው። በላቸው ከሳንጃ የመጣ፣ ትከሻው ሰፊ፣ አፉ የማያርፍ፣ በዕድሜም የሚበልጠው ተማሪ ነው። ቆሞ አየውና ሳቀ።

«ምነው ቢያዝን፣ ዛፉን ነው አቋቋም የምታስተምረው?»

«ከአንተ ዛፉ ይሻላል፣ አያ በላቸው። አይስቅብኝም።»

በላቸው እንዶዱን አስቀምጦ አጠገቡ ተቀመጠ። ቢያዝን ያን ጊዜ ሁሉንም ነገረው። የደረቱን መጨምደድ፣ የዜማውን መጥፋት፣ የቁራሹን ነገር። በላቸው እንዲህ ዝም ብሎ ሰው ሲሰማ ታይቶ አያውቅም። በመጨረሻ፣ ከእኔ ጎን ቁም፤ መቋሚያው ሲነሣ ትከሻዬ አለልህ አለው።

ቢያዝን ይህን አልወደደውም። በሰው ትከሻ የዘመምሁትን የራሴ ብዬ ባስመሰክርበት መምህሬን ማታለል ነው ብሎ አሰበ። ስለዚህ ብባረርም ልባረር ብሎ ለየኔታ ሊነግራቸው ሄደ። የኔታ ከደጃፋቸው ተቀምጠው መቋሚያ ሲፍቁ አገኛቸው። ቢያዝን ነግሯቸው እስኪጨርስ ድረስ ከሥራቸው ቀና አላሉም።

«እግርህን ያየሁት የመጣህ ዕለት ነው» አሉት። «ከዚያ ወዲያ የማየው መቋሚያህን ነው። ማሕሌትን ብቻውን የቆመ ማን አለ? ሂድ፣ በላቸውን ይዘህ ሥራ።»

ሥራው ቀላል አልነበረም። በላቸው ችኩል ነው፤ ሲዘምም ከዜማው ይቀድማል። የኔታ ስንት ጊዜ ገሥጸውት አልተመለሰም። አሁን እሱ በቸኮለ ቁጥር ቢያዝን ይወድቃል። ቢያዝንም በበኩሉ ሰውነቱን መጣል አፈረ፤ ለይስሙላ ነካ ያደርገውና ይመለሳል።

«ክብደትህን ጣልብኝ እንጂ» ይለው ነበር በላቸው። «ሙሽራ ነህ እንዴ የምትሽኮረመም?»

እየዋለ እያደረ ሁለቱም ተገሩ። ደረቱ ሲጨመደድ ቢያዝን አይደብቅም፤ በዝግታ «መጣ» ይለዋል። በላቸው ትከሻውን ጠበቅ ያደርግና አብረው ረዥም ትንፋሽ ስበው ዜማውን ያነሣሉ። ጭንቀቱ ጨርሶ አልተወውም። ብቻውን ግን አያገኘውም። ማዕድም ላይ መቀመጥ ጀመረ፤ ጓደኞቹ ቁራሽ ለምነው ሲመለሱ እሱ የከበዳቸውን ዜማ እየደጋገመ ያስቀጽላቸዋልና። አንድ ቀን የኔታ ሲያልፉ ቆመው አዩና፣ በላቸው ከዜማው ጋር መሄድ ጀመረ እንዴ ብለው አለፉ። ከእሳቸው አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው።

የዋዜማው ዕለት ከቀትር በኋላ ደብሩ ሞላ። ቢያዝንና በላቸው ጎን ለጎን ቆሙ። ሊጀመር ሲል ከስሜን የመጡ መሪጌታ ተክለ ጊዮርጊስ የሚባሉ ሽማግሌ ገቡ። እንግዳ መምህር በሰልፉ መካከል መቆሙ ወግ ነው። ቄሰ ገበዙ በላቸውን ፈቀቅ አድርገው ሽማግሌውን ከቢያዝን ጎን አቆሟቸው።

በላቸው ሊናገር አፉን ከፈተ። በዚያ ቦታ ግን ተማሪ አይናገርም። ከሽማግሌው ራስ በላይ ቢያዝንን አየው። ማድረግ የሚችለው ይህን ብቻ ነበር።

የቢያዝን ደረት ተጨመደደ። ከሰልፉ ቢወጣ እግሩ ነው ይባላል፤ ማንም አይወቅሰውም። ቢቆም መቋሚያው ሲነሣ በሕዝብ ፊት ይወድቃል። ዜማው ተነሣ። ረዥም ትንፋሽ ሳበ። ከዚያም ወደማያውቃቸው ሰው ዘንበል ብሎ በሹክሹክታ ለመናቸው።

«አባቴ፣ እግሬ ደካማ ነው። መቋሚያው ሲነሣ ትከሻዎን ያውሱኝ።»

መሪጌታ ዞር ብለው አላዩትም። ከዚያ አጥንታም ትከሻቸው ከትከሻው ገጠመ።

«እኔም ጉልበቴ ከድቶኛል» አሉት። «ሰው እንዳያውቅብኝ ስጨነቅ ነው የመጣሁት። ያዘኝ።»

መቋሚያዎቹ ሁሉ ከመሬት ተነሡ። ሁለቱ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ዝቅ፣ ቀና አሉ። የቢያዝን ድምፅ ከሰልፉ በላይ ጠርቶ ተሰማ።

ሲያበቃ የኔታ እንደ ወጉ እንግዳውን ጠየቁ። ከተማሪዎቼ የሳተ አይተዋል ወይ አሉ።

«የሳትሁስ እኔ ነኝ» አሉ መሪጌታ። «አንድ ቦታ ዜማው ጠፍቶኝ ይኼ ሰው ነው የመለሰኝ። መስክርለት።»

የኔታ መሰከሩለት። በላቸው ቀርቦ፣ ሽማግሌ አገኘህና ጣልኸኝ አይደል ብሎ አሾፈበት፤ ዓይኑ ግን እንባ ሞልቶት ነበር። ቢያዝን ግን ከመሪጌታ ጋር ተያይዞ ደረጃውን መውረድ ጀምሯል፤ ማን ማንን እንደ ያዘ ከሩቅ ያየ ሰው አይለይም።