ወደ ማምፖንግ የሄዱት ወዳጅ

በኩማሲ በሚታተመው ጋዜጣችን ድረ ገጽ ላይ የሐዘን ማስታወቂያውን የሠራሁት እኔ ነኝ። ሁለት ዓምዶች ጎን ለጎን እንዲቆሙልኝ ሠንጠረዥ ዘርግቼ፣ የሟቾቹን ስም በላይኛው ረድፍ፣ የቀብራቸውን ቦታ በታችኛው አስገባሁ። የሥራ ባልደረባዬ ቦአቺ አይቶ አልወደደውም።

«አፍራ፣ ሠንጠረዥ ለቁጥር ነው። ስሙን ርዕስ በይው፣ ቦታውን ከሥሩ አንቀጽ አድርጊው። ዓምዱን ለብቻው ታስተካክይዋለሽ።»

«ደሞ ጀመረህ! ዓይን ያለው ሁሉ ያየው የለ?»

«የሌለውስ?»

ሳቅሁበት።

ሰኞ ዕለት አንድ ሽማግሌ በልጃቸው ክንድ ተደግፈው ቢሮ ገቡ። ኦዱሮ የሚባሉ ጡረተኛ መምህር ናቸው። ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ ጋዜጣችንን የሚከታተሉት ጽሑፍ በድምፅ በሚያነብ ኮምፒውተር ነው።

«ወዳጄ ባፉር ማምፖንግ ከተማ ይቀበራል ብላችሁ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ቅዳሜ የሐዘን ልብሴን ለብሼ ሄድኩ። የማላውቃት ሴት ቀብር ሆኖ አገኘሁት።»

ገጹን ከፈትኩት። ባፉር ሥር «ኤጂሱ» ይላል፤ ስህተት የለውም። ቦአቺ ገጹን በኮምፒውተሩ ድምፅ አስነበበው። ድምፁ ረድፍ በረድፍ ሄደ፦ «ዱፊ። ባፉር። ቀብር ማምፖንግ። ቀብር ኤጂሱ።» ከባፉር ስም ቀጥሎ የተሰማው የሴትየዋ፣ የዱፊ፣ መቀበሪያ ነው።

ወደ ሽማግሌው ዞርኩ። «ቲቸር፣ ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ዓይኔ ሲጠፋ፣ ከሥራ እንዳልወጣ ብሎ የተማሪዎቼን ፈተና እያነበበ ያሳረመኝ ባፉር ነበር» አሉ።

በማግስቱ ከልጃቸው ጋር ኤጂሱ ወሰድኳቸው። የባፉር ሚስት አቺያ ከበር ስታያቸው ማልቀስ ጀመረች።

«ኦዱሮ፣ ቤት ቀይረህ ስልክህ እንኳ አልሠራ አለን። ትሰማለህ ብዬ ማስታወቂያውን ጋዜጣ ላይ አስወጣሁት እኮ! አንተን ስጠብቅ አስከሬኑን አንድ ሰዓት አቆየሁት። ሰው ሁሉ ‹ተቀያይመው ነበር እንዴ?› አለኝ።»

«ሳይሞት ስሜን አንስቶ ነበር?»

«‹እንግዲህ ማን ያነብለታል?› ይል ነበር።»

ኦዱሮ መቃብሩ ጋ ተንበርክከው አፈሩን በመዳፋቸው ዳሰሱ። ገና እርጥብ ነበር። ልጃቸው ልታነሣቸው ብትሞክር እጇን መለሱት።

በዚያው ሳምንት ከቦአቺ ጋር ገጹን እንደ አዲስ ሠራነው። እያንዳንዱ ስም ከነቦታው፣ በተርታ ይነበባል። ኦዱሮ ሰምተው እንዲፈትሹልን አዲሱ ቤታቸው ደወልኩ።

ልጃቸው አነሣች። «እግዚአብሔር ይስጥልን» አለችኝ። «ግን አባዬ ኮምፒውተሩን ለሰው ሰጠው። ‹ከእንግዲህ የማንን ሞት ልሰማ ነው?› አለ።»