የሸኘችኝን ልሸኝ ብዬ

ሀጂራ ሐጅ ልትሄድ ስትል ስልክ ደወለችና «ዓሪፋ፣ አውፍ በይኝ» አለችኝ። ሐጅ የሚሄድ ሰው ያስቀየመውን ሁሉ ይቅርታ ሳይጠይቅ አይነሳም፤ ደንባችን ነው። እኔ ግን በስልክ አውፍ አልልም አልኳት። ባሌ ይመር ሲሞት ለቅሶ ያልደረሰች፣ ከዚያ ወዲህ አራት ዓመት ደጄን ያልረገጠች ሴት፣ ዛሬ ሶፋዋ ላይ ተቀምጣ በስልክ ልትጨርሰው?

«እግሬን ታውቂዋለሽ፤ ከአሌክሳንድሪያ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ እንዴት ብዬ ልምጣ?»

«ታዲያ መካ በምንሽ ልትሄጂ ነው?»

«እዚያማ በዊልቸር ይገፉኛል» አለች። ወዲያው ግን ትለምነኝ ጀመር። «ዓሪፋ፣ አሮጊት ነኝ። ሄጄ ልቀር እችላለሁ። ያንቺን አውፍታ ሳልይዝ ከከዕባ ፊት እንዴት እቆማለሁ?»

«እመጣለሁ። ዐይንሽን ሳይ የምለውን እላለሁ» ብዬ ዘጋሁት።

በምትሄድበት ቀን ልጄ ጀላልዲን በመኪናው ሊወስደኝ ነበር። ገና ከፈጅር ሶላት ሳልነሳ ከሥራ ቦታ ኮል አድርገው ጠሩት፤ አንዱ ቀርቶ ነው አሉ።

«እማ፣ ኡበር ልጥራልሽ።»

«የማላውቀው ወንድ መኪና ውስጥ ብቻዬን አልገባም።»

«ባቡር ውስጥ ያሉትን ወንዶች ታውቂያቸዋለሽ?»

«እነሱ ብዙ ናቸው። ብዙ ሰው እርስ በርሱ ይተያያል።»

ሳቀና ባቡሩ በር ላይ አውርዶኝ ወደ ሥራው ሄደ። እንደ ሕፃን አስጠንቶኛል፦ ቀዩን ባቡር ይዘሽ ጋለሪ ፕሌስ ትወርጃለሽ፣ ታች ወርደሽ ቢጫውን ትይዣለሽ፣ ኪንግ ስትሪት ስትደርሺ የሀጂራ የልጅ ልጅ ሙዝደሊፋ ትጠብቅሻለች። አሜሪካ ከገባሁ ጀምሮ ብቻዬን የሄድኩት እስከ ሃላል ሥጋ ቤቱ ድረስ ነው። የራሳችንን ፊደል በመሠረተ ትምህርት ቆጥሬአለሁ፤ የፈረንጁን አላውቀውም። ቀለም ግን ማንም አላስተማረኝም፣ አውቃለሁ። ቀይ ቀይ ነው።

ቀዩ ውስጥ ገብቼ ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ፊት ለፊቴ አንዲት ደቃቃ ሴት አለች። ፊቷ የቻይና፣ ራሷ ላይ ሒጃብ። ቻይና ይሰልማል እንዴ ብዬ አፈጠጥኩባት። እሷ ምንም ሳይከፋት «አሰላሙ አለይኩም» አለችኝ።

መለስኩላት። ደረቷን ነካ አድርጋ «ኢንዶኔዥያ» አለች። እኔም ደረቴን ነክቼ «ኢትዮጵያ» አልኩ።

ፊቷ በራ። «ቢላል» አለችኝ።

የነቢዩን ሙአዚን፣ ሶላት ጠሪውን የሐበሻውን ቢላል ማለቷ ነው። ባሕር ማዶ፣ ከዚያ ሁሉ ርቀት አገሬን በሱ ታውቃታለች። እዚህ ስንት ዓመት ስኖር አገርሽ የት ነው ብሎ ጠይቆ ስነግረው ረሃብ የማይጠራልኝ ሰው ሳገኝ የመጀመሪያዬ ነው። ወደድኳት።

ያለችኝን እንግሊዝኛ አውጥቼ ደረደርኩላት። «ሲስተር። ሐጅ። ቱደይ። ኪንግ ስትሪት።» ሐጅ ስል ጊዜ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ጋለሪ ፕሌስ ስንደርስ እሷ በቀዩ መቀጠል ሲገባት አብራኝ ወረደች። ጉልበቴን እንደሚያመኝ አይታ ክንዴን ይዛ በዚያ በሚሄደው ደረጃ አወረደችኝ፣ ቢጫው የሚመጣበት ቦታ ላይ አቆመችኝ፣ አንገቷ ላይ ያለውን ቢጫ ሻርፕ እያሳየች «ዪሎ፣ ዪሎ» አለችኝ። ከዚያ ተሰናብታኝ ወደ ላይ ወጣች።

እዚህ ላይ ነው ጉዱ። እሺ፣ ሸኘችኝ። እኔ የሸኘኝን ሰው ጀርባውን እያየሁ ቆሜ ልቅር? ቤቴ የመጣ እንግዳ እስከ መንገዱ እሸኘዋለሁ፣ እሱም መልሶ ይሸኘኛል፣ እንዲህ ስንመላለስ የሚመሽበት አገር ነው ያሳደገኝ። ተከትያት ወጣሁ። ስታየኝ ደንግጣ በእጇ ወደ ታች ወደ ታች ትለኛለች፤ እኔ ደግሞ «ግቢ፣ ግቢ፣ ስትገቢ አይቼ ነው» እላለሁ በአማርኛ። ቀዩ መጣ። ገባች። አንድ እግሬን አስገብቼ ጉንጯን ሳምኳት፣ አንዴ፣ ሁለቴ። ሦስተኛውን ልስም ሌላውንም እግሬን ሳስገባ በሩ ከኋላዬ ተዘጋ።

ባቡሩ ሄደ። በመስኮቱ ጨለማ ብቻ ነው የሚያልፈው። ወዴት እንደምሄድ አላውቅም፤ ሀጂራ አሁን ሻንጣዋን እያስጫነች ነው፤ ብረቱን ጨብጬ ቆምኩ። ወላሂ፣ ስንት ነገር ያየሁ ሴት ነኝ፣ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ሴትየዋን ሳያት ደግሞ በሳቅ ልትወድቅ ነው። እኔም ከፍርሃቴ ጋር ሳቄ መጣ።

በሚቀጥለው ፌርማታ ወርደን ተመለስን። በዚህኛው ጊዜ አልለቀቀችኝም። ለሥራዋ ደውላ የሆነ ነገር ተናገረችና ቢጫው ውስጥ አብራኝ ገባች። «ወርክ፣ ወርክ» እያልኩ ልመልሳት ብሞክር እጇን አወናጭፋ ዝም አሰኘችኝ። ባቡሩ ከመሬት ውስጥ ወጥቶ ወንዙን በድልድዩ ሲያቋርጥ ስልኬን ተቀብላኝ እየመጣን መሆኑን ለሙዝደሊፋ ነገረችልኝ። ዘመድ አይደለችም፣ ጎረቤት አይደለችም። ቋንቋዬን አታውቅም።

ኪንግ ስትሪት ስንወጣ መኪናው እበሩ ላይ ቆሟል። ሻንጣው ተጭኖ፣ ሀጂራ ፊት ወንበር ላይ ነጭ ለብሳ ተቀምጣ፣ አማቿ ኢስሐቅ ሰዓቱን እያየ። ሙዝደሊፋ ሮጣ መጣች።

«ዓሪፋ እማማ፣ ሺ ወንት ጎ! አንቺን ካላየሁ ኤርፖርት አልሄድም አለች።»

ሀጂራ የመኪናውን በር ከፍታ እጄን ያዘች። አርጅታለች። እኔም አርጅቻለሁ፣ ግን እሷ ብሳለች።

«መጣሽ?»

«መጣሁ። ትንሽ ቀርቶኝ ነበር ቻይና ልገባ።»

አልሳቀችም። «አውፍ በይኝ ዓሪፋ። ለይመር ለቅሶ አለመምጣቴን።»

«ለምን ቀረሽ?»

«እግሬን...»

«ሐጅ እየሄድሽ አትዋሺኝ።»

አቀረቀረች። «ኢስሐቅ ያን ቀን ሥራ ላይ ነበር። ብቻዬን ልመጣ እዚሁ ባቡር ድረስ መጣሁ። ደረጃው ላይ ስደርስ ፈራሁ። ቆሜ ቆሜ ተመለስኩ። ለባልሽ ለቅሶ ባቡር ፈርቼ ቀረሁ ብዬ ለማን ልንገር? እግሬን አመመኝ ማለት ይሻላል።»

የባቡሩ ፍርሃት ገና አልለቀቀኝም ነበር። ያንን የጨለማ መስኮት ሳላይ ብትነግረኝ ኖሮ የምመልስላትን አላህ ያውቃል።

«አውፍ ብዬሻለሁ» አልኳት። «ከልቤ። ይመርም አውፍ ይበልሽ። ግን ቀድመሽ ብትነግሪኝ ይህን ሁሉ ዘመን አላኮርፍሽም ነበር።»

«ትስቂብኝ ነበር።»

«እስቅብሽ ነበር» አልኳት።

ያን ጊዜ ሳቀች፤ እንባዋ ግን አላቆመም። ዐይኗን እየጠረገች ከኋላዬ ራቅ ብላ የቆመችውን አየች። «ይቺ ማናት?»

«ያደረሰችኝ ናት። ስሟን አልጠየቅኳትም።» አፈርኩ።

ሙዝደሊፋ በእንግሊዝኛ ጠየቀቻት። ስሪ ትባላለች። ሐጅ የምትሄደው ሀጂራ መሆኗን ስታውቅ ስሪ ጎንበስ ብላ የሀጂራን እጅ ይዛ በራሷ ግንባር ላይ አደረገች፤ ልክ እኛ አገር ትልቅ ሰው እጅ እንደሚሳመው። ከዚያ ረጅም ነገር ተናገረች። ሙዝደሊፋ በዚያች በተሰባበረች አማርኛዋ አስረዳችን።

«እናቷ ሐጅ ለመሄድ ወረፋ ትጠብቃለች። በሷ አገር ወረፋው ሎንግ ነው፣ ብዙ ብዙ ዓመት። ሳይደርሳት ሞተች። እዚያ ስትደርሺ በዱዓ ስሟን ጥሪልኝ ትላለች። ሱሚያቲ።»

«ሱሚያ?» አለች ሀጂራ።

«ሱሚያቲ» አለች ስሪ።

«ሱሚያቲ።» ሀጂራ እጇን አልለቀቀችም። «ዓረፋ ተራራ ላይ እጠራታለሁ በያት። ከእናቴ ስም ቀጥዬ።»

ኢስሐቅ በሩን ዘጋው። እኔ ለጉልበቴ ዱዓ እንድታደርግልኝ ልነግራት ነበር። በመስኮቱ ሳያት ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ እንዳይጠፋባት ስሙን ታጠናለች። ተውኩት። ጉልበቴ ይቆይ።