ከሚካኤል እስከ ሚካኤል

«ይቺን ብቻ፣ ተሻለች። ለእኔ ስትዪ» አሉ ጎረቤታቸው ቡዜ፣ በአንድ እጃቸው የኢንሱሊኑን መርፌ በሌላው የአጃውን ሳህን ይዘው።

ተሻለች ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «ለማን ብዬ?»

ዛሬ የልጃቸው የምንተስኖት ሠልስት ነው። ባቱ ላይ ባጃጅ ተገልብጦበት ሬሳው አዳማ ከገባ ወዲህ እናት መርፌም እህልም እንቢ ብለዋል። ትናንት የመጣችው ነርስ «ነገንም እንዲህ ከዋሉ እኔ አላውቅም» ብላ ሄዳለች።

እህቱ ኮከብ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እናቷ አጠገብ ፍራሹ ላይ ተቀምጣለች። ኮምፒውተሩ ፊት ለፊቷ ነው፤ ሦስት እርምጃ ቢሆን ነው። ቡዜ የቀብሩ ዕለት እሱንም ቴሌቪዥኑንም በአንሶላ ሸፍነው፣ «አርባው ሳይወጣ ማንም እንዳይነካ!» ብለው ፈርደዋል። ሐዘንተኛ ደግሞ ከፍራሽ አይነሳም። ኮከብ ሽንት ቤት እንኳ የምትሄደው ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ይዘዋት ነው። ማጽናናታቸው ነው እንግዲህ፤ መተንፈሻ አይሰጡም እንጂ!

ከወለንጪቲ የመጡ ዘመዶች ገቡ። አልቅሰው ሲያበቁ አንዷ ዓይኗን እየጠረገች፣ «ሚካኤልን ተሳልመን ቀጥታ ወደዚህ ነው የመጣነው» አለች።

ኮከብ ቀና አለች። «ዛሬ ሚካኤል ነው እንዴ?»

«አሥራ ሁለት አይደል፣ ልጄ?»

ክው አለች። ሞት አስረስቷት እንጂ ቀኑን ስትቆጥረው ነበር። ከሚካኤል እስከ ሚካኤል ሠላሳ ቀን ነው።

ያለፈው ኅዳር ሚካኤል ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን ጠርጎ ሲያቃጥል አዳማ በጭስ ታፍና ዋለች። ኮከብም ግቢውን ጠርጋ ስትጨርስ፣ «ኮምፒውተሩስ?» አለች። ከቢሮ ያመጣችው ፍላሽ ቫይረስ ኖሮበት ፋይሎቿን ደብቆባት ነበር። ከኢንተርኔት ነፃ የቫይረስ መከላከያ አውርዳ ጫነች። ነፃ ይባል እንጂ በየደቂቃው «የሚከፈልበትን ግዢ» እያለ ይነዘንዛል። ፍተሻውን ሲጨርስ ቫይረሶቹን ያዘ፤ ከእነሱ ጋር የምንተስኖትንም ፕሮግራም ያዘ።

ምንተስኖት ባቱ ኮምፒውተር ጥገና ሲቀጠር ለእናቱ ሠርቶላቸው የሄደው ነው። ጠዋት ልክ ሁለት ሰዓት ሲሆን ኮምፒውተሩ በእሱ ድምፅ ይጮኻል፦ «ተሹ! መርፌሽን! ኋላ መጥቼ እንዳልወጋሽ!» እናትም ለማሽኑ ይመልሱለታል፦ «እሺ ጌታዬ፣ አትጩህብኝ!» ከዚያ ቀሚሳቸውን ገለጥ አድርገው ራሳቸውን ይወጋሉ።

መከላከያው ይህን አያውቅም። ማን እንደሠራው ያላወቀውን ፕሮግራም ሁሉ እንደ ሌባ ያያል። ለይቶ ማቆያ አስገባውና ከሠላሳ ቀን በኋላ እንደሚያጠፋው አስታወቀ። ሁለት ጊዜ ጠቅ ብታደርግ ይመለስ ነበር። ኮከብ አልመለሰችውም።

በማግስቱ ጠዋት ማሽኑ ዝም ሲል እናት ለምንተስኖት ነግረውት ኖሮ ማታውኑ ደወለ። «ኮኪ፣ መከላከያ ጭነሽ ይዞት ነው፤ መልሺው እንጂ! የእኔ ሥራ ነው፣ ምንም የለበትም።»

«ነገ» አለችው። በሳምንቱ ሲደውልም «ነገ» አለችው። እውነቱን እንናገር ከተባለ ቀንታለች። እናቷን ሐኪም ቤት የምታመላልሰው እሷ፣ እግራቸውን የምታጥበው እሷ፤ «ጌታዬ» የሚባለው ግን ባቱ የተቀመጠው! ትንሽ ቀን ዝም ቢል ምን አለበት ብላ ተወችው። አሁን ከዚያ ፕሮግራም ሌላ ድምፁ የትም የለም። ምንተስኖት በስልክ ድምፁን ቀድቶ መላክ አይወድም ነበር፤ ይደውል ነበር።

«ማሽኑ ዝም ያለ ጊዜ ነው ያወቅኩት» አሉ ተሻለች ከግድግዳው ሳይዞሩ ለወለንጪቲዎቹ፣ ለመጣው ሁሉ እንደሚሉት። «ድምፁ ቀድሞት ሄደ። ምልክት ነበር፤ እኔ ነኝ ያላስተዋልኩት።»

«ምልክት ነው እንጂ፣ ምን ይሆናል ሌላ!» ብለው ሴቶቹ እንደ አዲስ አለቀሱ።

ኮከብ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ኮምፒውተሩን ልክፈት ካለች ምክንያቱን ልትናገር ነው። ዝም ካለች ደግሞ ድምፁ ዛሬ ይጠፋል። የእናቷ እጅ ጉልበታቸው ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ከንፈራቸው ደርቋል። የግድግዳው ሰዓት ለሁለት ሩብ ጉዳይ ይላል።

ተነሳች። ሁለቱ ሴቶች ወዲያው ክንዷን ያዙ።

«ልቀቁኝ። ኮምፒውተሩን ልከፍት ነው።»

«ያ ዋቀዮ!» አሉ ቡዜ። «በሐዘን ቤት? ሰው ምን ይላል፣ ኮከብ?»

«እትዬ ቡዜ፣ ማሽኑን ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ! ምልክት አይደለም፣ ምንም አይደለም። እኔ ነኝ!» ወደ እናቷ ዞረች። «መልሺው አለኝ፣ እማዬ። እኔ ነገ እያልኩ ተውኩት። ቀንቼ ነው። ለእሱ እንደዚያ ስትመልሺለት እቀና ነበር። ዛሬ ካልመለስኩት ይጠፋል።»

ተሻለች ከግድግዳው ዞረው አዩዋት። ከሦስት ቀን ወዲህ ሰው ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው።

«ታዲያ ምን ያቆምሻል?» አሉ በሰለለ ድምፅ። «ክፈቺው።»

ኮከብ አንሶላውን ገፈፈች። አሮጌ ኮምፒውተር ነው፣ ለመነሳት ዕድሜ ይፈጃል። ገና ሲነሳ መከላከያው «የሚከፈልበትን ግዢ» ብሎ ዘለለ። «አንተ ደግሞ! ዝም በል!» ብላ ዘጋችው። ለይቶ ማቆያውን ስትከፍት ፕሮግራሙ አለ፤ የሚጠፋበት ቀን ዛሬ ይላል። ፕሮግራሙን መልስ አለችው። አደገኛ ሊሆን ይችላል፣ እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ ጠየቃት። አዎ አለችው።

ምንም አልተሰማም። ቆማ ሰዓቱን አየች። ሴቶቹም ሰዓቱን አዩ።

«ተሹ! መርፌሽን! ኋላ መጥቼ እንዳልወጋሽ!»

ወለንጪቲዎቹ ጮኹ። አንዷ አማተበች። ቡዜ የአጃውን ሳህን ለቀቁት። ተሻለች ብቻ አልደነገጡም። እንባቸው አገጫቸው ላይ እየወረደ ኮምፒውተሩን ሲያዩት ቆዩ።

«እሺ ጌታዬ» አሉ። «አትጩህብኝ።»

መርፌውን ከቡዜ እጅ ወሰዱና ለኮከብ ዘረጉላት።

«እጄ እንቢ አለኝ» አሉ ቀሚሳቸውን ገለጥ እያደረጉ። «ዛሬ አንቺ ውጊኝ።»