ድምፄን ክፈቺልኝ

ሲስተር ስታስተምር ኮሽታ አትወድም። ዕድሜዋን በሆስፒታል ኮሪደር ስትሮጥ የኖረች ነርስ ናት፤ ጡረታ ከወጣች ወዲህ የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታ በኢንተርኔት ታስተምራለች። የትምህርት ክፍሏ የገዛ ሳሎኗ ነው። ላፕቶፑን በወፍራም መጻሕፍት ላይ ከፍ አድርጋ ታስቀምጠዋለች፤ ከፊቱ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ ብርድ ልብስ ጠቅልላ በገመድ አስራ የሠራችው "እግር" ተጋድሟል። ተማሪዎቿ በስክሪኑ ላይ ጥቁር ሳጥን ናቸው። ኔትወርኩ እንዳይቆራረጥ ካሜራ አይከፈትም፤ በየሳጥኑ ሥር ቅጽል ስም ብቻ ይነበባል።

የአንዱ ልጅ ሲያለቅስ፣ የሌላው ጎረቤት ሲጣላ፣ ትምህርቱ ገበያ እየሆነ ስላስቸገራት አንድ ደንብ አወጣች፤ ማይክ የምትከፍተውም የምትዘጋውም እሷ ብቻ ናት። መናገር የፈለገ የእጅ ምልክቱን ነክቶ ይጠብቃል።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የሚማሩት ስለ ደም መፍሰስ ነበር።

"ምንም ቢመጣ እጃችሁን ከቁስሉ ላይ እንዳታነሱ" አለች ሲስተር ብርድ ልብሱን እየተጫነች። "ቤት ቢቃጠል እንኳ! መርፌ፣ እስኪ አንቺ ንገሪን፤ ጭኑን የተወጋ ሰው ብታገኚ ምን ታደርጊያለሽ?" ማይኩን ከፈተችላት።

መርፌ ልብስ ሰፊ ናት። ስሙን ያወጡላት የክፍል ጓደኞቿ ናቸው። ስትናገር ሁልጊዜ የተኛ ሰው እንዳይነቃባት የምትፈራ ይመስል በሹክሹክታ ነው።

"በንጹህ ጨርቅ አጥብቄ እጫናለሁ፣ ሲስተር። ካልቆመ ከቁስሉ በላይ አስራለሁ።"

"ጎበዝ!"

"የኔ እመቤት፣ እኔ ከተወጋሁ ግን አንቺው ራስሽ ስፊኝ!" አለ ጎማ። ጎማ ታክሲ ነጂ ነው፤ የመለማመጃ ፋሻውን በየተማሪው ቤት ያደረሰው እሱ ሲሆን፣ አፉ ፍሬን የለውም። ቀደም ሲል ጥያቄ መልሶ ስለነበር ማይኩ አልተዘጋም።

ከየሳጥኑ የሳቅ ምስል ጎረፈ። መርፌም ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ አንድ ከባድ ነገር ተጋጨ፤ ብረት ወለሉ ላይ ተንኮታኮተ።

"ኧረ የማን ቤት ነው የሚፈርሰው!" አለች ሲስተር። እጇ ከልማድ የተነሳ ከሐሳቧ ቀድሞ የመርፌን ድምፅ ዘጋው። ጸጥ አለ። "በሉ ወደ ሥራችን። ክርናችሁን ቀጥ አድርጋችሁ፣ ክብደታችሁን ጣሉበት..."

ከመርፌ ሳጥን ላይ ቢጫ እጅ ወጣ።

"ጥያቄ በኋላ፣ መርፌዬ" ብላ አወረደችው። ወዲያው ተመልሶ ወጣ። አወረደችው። እንደገና ወጣ።

"ዛሬ ምን ነካት ይቺ ልጅ?" አለች፣ ትዕግሥቷ እያለቀ። ያኔ ነው መልእክት የሚጻፍበትን ጥግ ያየችው። በጎማ ቀልድና በሳቅ ምስሎች መሀል አንዲት መስመር ተቀርቅራ ነበር፦ "ሲስተር ድምፄን ክፈቺልኝ"።

ያለ አንቱታ ተናግራት የማታውቅ ልጅ ናት። ሲስተር ክው አለች። ከፈተችው።

መጀመሪያ የገባው የቀበቶ ፉጨት ነው፤ ቀጥሎ ሥጋ ላይ ሲያርፍ። በየመሀሉ የማይቸኩል የወንድ ድምፅ ይሰማል።

"ስፊኝ? ስፊኝ ነው ያለሽ? በዚህች ስልክ ውስጥ ስንት ወንድ ነው ያስቀመጥሽው?"

"ትምህርት ነው! በእናትህ፣ ትምህርት ነው!"

"እናቴን በዚያ አፍሽ አትጥሪ!" ፊቷ ከስፌት መኪናው ብረት ጋር ሲላተም ሳሎኑ ድረስ ተሰማ።

ሲስተር ወንበሯን ገልብጣ ተነሳች። "አንተ ሰውዬ! ተዋት! እየሰማሁህ ነው! ሁላችንም እየሰማንህ ነው!"

ቀበቶው ቆመ። ሰውየው ስልኩን ሲያነሳ ጣቱ የካሜራውን ምልክት ነክቶ ኖሮ፣ ጥቁሩ ሳጥን በርቶ ፊት ሆነ። ጥንቅቅ ብሎ የተላጨ፣ ላብ ያጠመቀው፣ የጨዋ ሰው ፊት።

"አንቺ ደግሞ ማነሽ?"

"አስተማሪዋ ነኝ።"

"እሰይ! ባልደረባ ነና! እኔም እያስተማርኳት ነው። የኔው ኔትወርክ አይቆራረጥም፤ ቶሎ ይገባታል።" ስልኩን ወደ ሚስቱ አዞረው። መርፌ ከጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ተሸጉጣለች፤ አፏ ደም ሞልቶ፣ አንድ ዓይኗ ተደፍኗል። ጸጉሯን ጨምድዶ ፊቷን ወደ ስልኩ ጎተተው። "ሳቂላቸው እንጂ! ቅድም ስትስቂ አልነበር?"

ሲስተር በእጅ ስልኳ ፖሊስ ደወለች። አድራሻ ጠየቋት፤ የምታውቀው ግን ቅጽል ስም ብቻ ነው።

"ጎማ! ቤቷን ታውቀዋለህ! ንገራቸው!" የእጅ ስልኳን ከላፕቶፑ ድምፅ ማጉያ ጋር አጣበቀችው።

ጎማ ሰፈሩን፣ መታጠፊያውን፣ የበሩን ቀለም በጩኸት ተናገረ። "እኔም ታክሲውን ወደዚያ አዙሬአለሁ፣ ሲስተር። ቅርብ ነኝ።" ድምፁ ውስጥ ቀልድ የሚባል አልነበረም።

መቀሱን ማንም አላየውም። ረጅምና ከባድ የጨርቅ መቀስ ነው። ሰውየው የጣለውን ቀበቶ ለማንሳት ጎንበስ ሲል መርፌ ከጠረጴዛው ሥር ሰነዘረችው፤ ጭኑ ውስጥ እስከ መያዣው ገባ። እንደ ከብት አገሳ። ከዚያ በገዛ እጁ መዞ አወጣው፤ ጉዳቱን ያባሰውም ይኸው ነው። ደሙ እንደ ፈነዳ ቧንቧ ተፈናጠረ። ስልኩ ወድቆ ከወደቀው የስፌት መኪና ጋር ተደገፈ፤ ክፍሉ አዘንብሎ ይታይ ጀመር። ሰውየው ግድግዳውን እየተደገፈ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ተዘረረ።

ስክሪኑ በጽሑፍ ተሞላ። "እሰይ!" "ይበለው!" "ተይው ይሙት!" "ሲስተር፣ በናትሽ እንዳትነግሪያት!"

መርፌ ስልኩን አየች። "ሲስተር፣ አልቆም አለ። ምን ላድርግ?"

ሲስተር ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። እንዲህ ያለ ደም ጊዜ እንደማይሰጥ በዓይኗ አይታለች። ዝም ብትል ሰውየው ያልቅለታል፤ ማንም አይጠይቃትም። ልጅቷ ግን ከዚህ ክፍል የምትወጣው በካቴና ነው፤ የደበደባትም ከሞተ በኋላ እንኳ ይዟት ይኖራል።

"ተጫኚው፣ ልጄ" አለች። "ለሱ ብለሽ አይደለም። ተጫኚው!"

መርፌ ተንበረከከች። ሰፍታ ያልጨረሰችውን ቀሚስ ጠቅልላ፣ ክርኗን ቀጥ አድርጋ፣ ክብደቷን ጣለችበት። ደሙ በጣቶቿ መሀል እየሞቀ ወጣ፤ እየቀነሰ ሄዶ ተያዘ። ሰውየው ዓይኑን ገለጠ። እጁ ቀስ ብሎ ሲነሳ ሲስተር ሊማጸናት መሰላት። የመርፌን ጉሮሮ ያዘ።

"እኔን? እኔን ትገድይኛለሽ?" አውራ ጣቱ ጠለቀ።

"መርፌ፣ ልቀቂው! እጅሽን አንሺ!"

"ይ... ሞታል..."

"ይሙት! አንሺ ብያለሁ!"

ግን መርፌ ጎበዝ ተማሪ ናት። ምንም ቢመጣ ተብላለች። ፊቷ እየጠቆረ፣ ዓይኗ እየፈጠጠ፣ ሁለት እጇ ከቁስሉ ላይ ንቅንቅ አላለም።

"ተሳስቼ ነው ያስተማርኩሽ!" ብላ ጮኸች ሲስተር። "የኔ ልጅ፣ ተሳስቻለሁ! ልቀቂው!"

ለቀቀችው። ሁለት እጇን ወደ ጉሮሮዋ አምጥታ ከጣቶቹ አንዱን ያዘች፤ እስኪሰበር ወደ ኋላ አጠፈችው። ሲሰበር እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ አለ። ደሙ ተፈናጥሮ የስልኩን መስታወት እኩሌታ ሸፈነው። የሰውየው እጅ ዛለ። መርፌ እያሳለች በአራት እግሯ ወደ በሩ ዳኸች።

"ውጪ፣ ውጪ፣ አትዙሪ!"

በሩን ከፈተችው፤ የቀን ብርሃን ገባ። እዚያው ቆመች። ከኋላዋ ሰውየው ያቃስታል። ተመለሰች። አንገቷ ላይ የተንጠለጠለውን የልብስ መለኪያ ሜትር አወለቀች፤ ጤነኛ እጁን በእግሯ ረግጣ ጎንበስ አለችና ከቁስሉ በላይ ጠምጥማ አሰረችው። መቀሱን በቋጠሮው ውስጥ አስገብታ አዞረችው፤ ደግማ አዞረችው።

"ተይኝ! አመመኝ!"

"ዝም በል፤ እየሠራሁ ነው" አለች። ሲስተር የልጅቷን ሙሉ ድምፅ ስትሰማ ያን ጊዜ የመጀመሪያዋ ነው።

ጎማ እያለከለከ ገባ። ከኋላው በአንድ ግድግዳ የሚጎራበቱት እትዬ ተከተሉ፤ ደሙን ሲያዩ ነጠላ ጫማቸውን ጥለው አፋቸውን ያዙ። "ምን ጉድ ነው! እኔ እኮ ጩኸቱ ሁልጊዜ የቴሌቪዥን ይመስለኛል!"

"በታክሲው ሐኪም ቤት እናድርሰው፤ አምቡላንስ እስኪመጣ አይጠበቅም" አለ ጎማ። "መርፌ፣ ከኋላ ግቢና መቀሱን ያዢ።"

"አልገባም።"

"እንዴ፣ ልጄ! ባልሽ አይደለም ወይ?" አሉ እትዬ። "ማን ይያዘው ታዲያ?"

"እርስዎ ይያዙት፣ እትዬ። ሲላላ እንዲህ ያጥብቁታል።" አንዴ አሳየቻቸውና እጇን አነሳች።

ሰውየውን ተሸክመው ወጡ። ሲወጣ ይሳደብ ነበር። የታክሲው ድምፅ ራቀ። መርፌ ከስክሪኑ ጠፋች፤ ከቧንቧ ውሃ ሲወርድ ለረጅም ጊዜ ተሰማ። ከተማሪዎቹ ትምህርቱን ዘግቶ የወጣ አልነበረም።

"መርፌ?" አለች ሲስተር። "ፖሊሶቹ እየመጡ ነው።"

"ይምጡ።" ፊቷን እየጠረገች ተመልሳ ከስልኩ ፊት ለፊት ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ምላሷን አፏ ውስጥ አዞረች። "ሲስተር፣ የፊት ጥርሴ ወልቋል።"

"ሙሉ ነው ወይስ ተሰብሮ?"

"ሙሉውን ነው መሰለኝ። የት እንደወደቀ እንጃ።"

"ፈልጊው። ስታገኚው ሥሩን እንዳትነኪ፤ በነጩ በኩል ያዢ። ወተት አለ ቤት?"

"ትንሽ አለ።"

"እሱ ውስጥ እንጨምረዋለን። ቶሎ ከደረስን ሐኪም ይመልሰዋል።"

መርፌ በደህናው ዓይኗ ወለሉን መፈለግ ጀመረች፤ የልብስ ቁልፍና ቁርጥራጭ ጨርቅ በደሙ ላይ ተበትኗል። ሲስተርም በአፍንጫዋ ስክሪኑን ልትነካ ምንም አልቀራትም። ከጥቁሮቹ ሳጥኖች አንዱ ጻፈ፦ "ከስፌት መኪናው ፔዳል ሥር ነጭ ነገር ይታየኛል።" ሌላው ቀጠለ፦ "እሱ ቁልፍ ነው። በስተግራ ተመልከቺ፣ መርፌ፣ በስተግራ።"