የእትዬ ጣይባ ዓይን

ባጃጄን ለመሸጥ የተስማማሁት ትከሻዬ ስላስቸገረኝ ነው። ሰው የጫኑት ነገር ይከብደዋል፤ እኔን የገዛ ደረቴ ከበደኝ። ሩት እባላለሁ፤ ሸዋ ሮቢት ውስጥ ባጃጅ ከሚነዱ ጥቂት ሴቶች አንዷ ነኝ። ከመናኸሪያው አንስቶ እስከ ቀወት ገጠሮች ድረስ የማላውቀው ጉድጓድ የለም፤ ጉድጓዶቹም እኔን በደንብ ያውቁኛል። ባጃጁ በነጠረ ቁጥር ደረቴ አብሮ ይነጥራል፤ ሲወርድ ደግሞ የጡት ማስያዣዬ ማንገቻ ትከሻዬን ይዞት ይወርዳል። ማታ ልብሴን ሳወልቅ በሁለቱም ትከሻዎቼ ላይ ጣት የሚያስገባ ቦይ አያለሁ። በዚህ በእኛ ሙቀት ላብ ሲጨመርበት ይቆስላል።

እናቴ የሺ ግን ጥፋተኛውን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ታውቀዋለች፤ ባጃጁ ነው። «የሴት ሥራ አይደለም ብዬሽ ነበር፤ መቼ ሰማሽኝ!» ትለኛለች። ተናዳ አንድም ቀን ተሳፍራልኝ አታውቅም። ባጃጁን የገዛነው አጣዬ የነበረው ቤታችንና የእሷ ሱቅ ከተቃጠለ በኋላ በተረፈን ነገር ነው። እንጀራችን እሱ ነው። ለእኔ ደግሞ ከእንጀራም በላይ ነው፤ መሪውን ስይዝ ደስ ይለኛል፣ አለቀ። ሆኖም በማስታገሻ ክኒን መኖር ሰለቸኝና ሙሉቀን የሚባል የማጀቴ ከተማ ሰው እሑድ መጥቶ እንዲወስደው ተስማማሁ።

ስለ ጡት ማስያዣው ለእትዬ ጣይባ ያልነገርኳቸው አይምሰላችሁ። እትዬ ጣይባ የሴቶች ልብስ ነጋዴ ናቸው፤ በዓይናቸው ይታወቃሉ። እሳቸው ሱቅ ገብቶ «ጡት ማስያዣ» ብሎ የሚጠራ ሰው የለም። ትገቢያለሽ፣ አንዴ ከላይ እስከ ታች ያዩሻል፣ ከመደርደሪያው ያወርዳሉ፣ በጥቁር ፌስታል ጠቅልለው ይሰጡሻል። ልለካው ማለት ነውር ነው፤ ዓይናቸውን መስደብም ነው። አመመኝ ባልኳቸው ጊዜ ሁሉ መልሳቸው አንድ ነበር፦ «ትልቅ ነሽ፣ ትልቅ ሰጠሁሽ። ከዚህ የበለጠ ቻይናም አልሰፋ! ማንገቻውን አሳጥሪው።» እኔም አሳጥረው ነበር።

ቅዳሜ ከገበያ ሰው ጭኜ ስመለስ፣ ጋሼ ተሰማ መንገድ ዳር አህያቸውን አቁመው ሲሳደቡ አገኘኋቸው። የቀወት ገበሬ ናቸው፤ ማሾአቸውን አንዳንዴ እኔ አመላልስላቸዋለሁ። አህያውን ጎረቤታቸው ተውሶ ጭኖት ኖሯል፤ ደረቱ ላይ ገመዱ ቆርጦት ደምቷል።

«ጭነት በዝቶበት ነው ጋሼ?» አልኳቸው።

«ጭነቱማ ያው የሁልጊዜው ነው! ይኼ እጁ ይሰበርና፣ የሆዱን ገመድ አላልቶ የደረቱን አጠበቀበት። ሸክም የሚይዘው በሆዱ የሚዞረው ነው፤ እሱ ከላላ ሁሉም ነገር ደረቱ ላይ ተንጠልጥሎ ሥጋውን ይበላዋል።» ጉልበታቸውን አህያው ጎን ላይ አስደግፈው የሆዱን ገመድ ሳቡና አሰሩት፤ የደረቱን ለቀቅ አደረጉለት። ጭነቱ ቀጥ አለ። አህያውም ተነፈሰ፤ እኔ አይቻለሁ።

እጄን ወደ ጀርባዬ ሰደድኩ። ከጡቴ ሥር ዞሮ ጀርባዬ ላይ መቀመጥ የነበረበት ማሰሪያ አንገቴ ሥር ወጥቶ ተሰቅሏል። ጎተት ባደርገው ጡጫዬ ሙሉ ገባ። ከኋላ የተቀመጡት ተሳፋሪ «ልጄ፣ አንሄድም እንዴ?» ባይሉኝ ኖሮ እዚያው ቆሜ በቀረሁ።

ሰዎቹን አውርጄ በቀጥታ እትዬ ጣይባ ዘንድ ሄድኩ።

«ይኼ ነገር ላልቶብኛል» አልኳቸው።

«ላላ? ደረትሽ እኮ ሞልቶ እየፈሰሰ ነው! ጠበበኝ በይ እንጂ።»

«ከላይ ጠቦኛል፣ ከሥር ላልቶብኛል።»

«እንዲህ ያለ ነገር የለም።»

የጋሼ ተሰማን አህያ ነገርኳቸው። ባልነግራቸው ይሻል ነበር። «አስተግፊሩላህ! ይኸን ሁሉ ዘመን ሴት ሳለብስ ኖሬ ዛሬ አህያ ጫኝ ሆንኩ?» ብለው ተነሱ። እኔም ቱግ አልኩ። ነገ ባጃጄን ልሸጥ መሆኔን፣ ትከሻዬ መቁሰሉን፣ እሳቸው ግን አንድም ቀን ቀረብ ብለው እንዳላዩኝ ጮኼ ተናገርኩ፤ ቀጥሎ እንባዬ መጣ።

 ከዚያ የሱቁን በር ገርበብ አድርገው አጠገባቸው ካለው ልብስ ሰፊ ሳልህ ሜትር ሊዋሱ ወጡ።

«ምን ሊለካ ነው? ልምጣ እንዴ?» ሲል ሰማሁት።

«አርፈህ ስፋ!»

ሜትሩን ከአንገቱ ነጥቀው ተመለሱ። ከሱቁ ጓዳ፣ ከሚሰግዱበት መጋረጃ ጀርባ አስገቡኝና ሜትሩን ከጡቴ ሥር አዞሩት። አዩት። እንደገና አዞሩት። «ወላሂ፣ ከሥር እኮ የእኔን ሙሀባን ታክያለሽ!» አሉ። ሙሀባ ገና ተማሪ የሆነች፣ ነፋስ ይወስዳታል የምትባል ልጃቸው ናት። «ላይሽን አይቼ ሁሉ ነገርሽ ትልቅ መሰለኝ።»

«ታዲያ ከሥር ትንሽ፣ ከላይ ትልቅ የሆነ አለዎት?»

«እንዲህ ያለማ የት ይገኛል፤ ፋብሪካውም ቢሆን...» አሉና ድንገት አቋረጡ። መጋረጃውን ገልጠው ሱቁ ፊት ለፊት የተሰቀሉትን ጡት ማስያዣዎች አዩ። ለዓይን እንዲሞሉ ውስጣቸው በጨርቅ የተጠቀጠቁ ናቸው። «ያ ረቢ! ከመርካቶ በሚመጣው ካርቶን ሁሉ ሁለት ሦስቱ ወገባቸው የልጅ፣ ጡታቸው የአራስ ሆኖ ይመጣል። ፋብሪካ ያበላሸው መስሎኝ ለመጠቅጠቂያ አደረግኋቸው!»

በርጩማ ላይ ወጥተው መዘርገፍ ጀመሩ። ከቀዩ ውስጥ ጥቁር ወጣ፣ ከሐምራዊው ውስጥ ሁለት ነጭ ወጣ። ከላይ የተሰቀሉት አንድ በአንድ ሲሟሽሹ ሳቄ መጣ፤ እሳቸውም ከበርጩማው ሊወድቁ እስኪደርሱ ሳቁ።

ጥቁሩ አልሆነኝም፤ ጡቴ በጎን አመለጠ። ከነጮቹ አንዱን አጠለቅሁት። መቆለፊያውን ከኋላ ሳብ አድርገው ሲቆልፉልኝ፣ የጋሼ ተሰማ ጉልበት ትዝ አለኝ። ማሰሪያው ጎኔን አቅፎ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ፤ ሁለት ጣት ብቻ ያስገባል። ማንገቻውን አረዘሙልኝ። ትንፋሽ ሳብኩ፤ ገባ። ትከሻዬ ላይ ምንም ነገር አልነበረም።

«ዝለይ» አሉኝ።

«እዚህ?»

«ዝለይ አልኩሽ!»

ዘለልኩ። ደረቴ ከእኔ ጋር ተነሳ፣ ከእኔ ጋር ወረደ። እንደገና አለቀስኩ፤ ደስታም ነው፣ ንዴትም ነው። ጥፋቱ የገላዬ እየመሰለኝ ስንት ዘመን ስረግመው ኖሬያለሁ!

እትዬ ጣይባ ግን ገና አላመኑም። ሱቃቸውን ዘግተው ባጃጄ ውስጥ ገቡና «ወደ ክፉው መንገድ ንጂው» አሉኝ። አንድም ጉድጓድ አልዘለልኩላቸውም። እሳቸው ሻሻቸውን በአንድ እጅ፣ ብረቱን በሌላው ጨብጠው አላህን ሲጠሩ፣ እኔ አንዴም «ወይ ትከሻዬ» አላልኩም።

«አሁን በዓይኔ አየሁ» አሉ ስንቆም።

«ዓይንዎንስ ተዉት፣ በሜትሩ ይሁን» አልኳቸው። ጀርባዬን በጥፊ መቱኝ።

እሑድ ሙሉቀን ከማጀቴ ደርሶ እናቴ አስቀምጣዋለች። አልሸጥም ስል ፊቱ ጠቆረ፤ አልፈርድበትም፣ በዚያ ፀሐይ መጥቶ ነው። እናቴ ደግሞ አፈረችም ተቆጣችም። «ዛሬ እንዲህ ብለሽ ነገ ማታ ልታለቅሺ!» አለችኝ። እጇን ይዤ ወደ ውስጠኛው ክፍል ወሰድኳትና ትከሻዬን ገልጬ አሳየኋት። ቁስሉ ገና አልዳነም፤ ማንገቻው ግን ላዩ ላይ እንዲያው ጋደም ብሏል። ጣቷን ከሥሩ አስገባሁላት።

«አንሺው» አልኳት።

አነሳችው። ያለ ምንም ትግል ተነሳ። ቆይታ የቀሚሷን አንገት ወደ ጎን ሳበችና የራሷን ትከሻ አሳየችኝ። የእኔው ቦይ ነው፤ የእሷ ግን ጠልቆ፣ ጠቁሮ፣ ቆዳዋ ሆኖ ቀርቷል። ልጅ ሳለሁ ምንድን ነው ብዬ ስጠይቃት፣ ውኃ የተሸከምኩበት ነው ትለኝ ነበር። እሷም እውነት መስሏት ኖሯል።

«ለእኔስ ታገኝልኝ ይሆን?» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

 ጉንጯን ሳምኳትና ቁልፌን አነሳሁ። ሙሉቀንን መናኸሪያ ልናደርሰው ተስማማን፤ እትዬ ጣይባም በስልክ ሱቁን እከፍትላችኋለሁ አሉን። እናቴ ነጠላዋን ሰብስባ፣ ባጃጁ ላይ እግሯን አንስታ ልግባ አልግባ እያለች ጥቂት ቆመችና ገባች። ሙሉቀን አኩርፎ ከጎኗ ተቀመጠ።

ሞተሩን ሳስነሳ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ጉድጓዱን ቀስ በይልኝ» አለችኝ፤ «እኔ ገና የድሮውን ነው ያደረግሁት።»