ዱዓ ያደረግሁበት ክኒን

አንዴ ከአፍ የወጣ ዱዓ ተመልሶ ይነሳል? ቁርኣን ያቀራኝ ሸኽ በሕይወት የለ፣ ማንን ልጠይቅ? ከሐሙስ ጀምሮ በዚሁ ሐሳብ ስባዝን ነው የሰነበትኩት።

ሐሙስ ከዙህር ሶላት በኋላ የልጅ ልጄ ሱረያ ብርጭቆ ይዛ ከማዕድ ቤት ስትወጣ እጇ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ጠጋ ብዬ ደረቷን ዳሰስኩ። ዳገት የሮጠች ይመስል ልቧ ይደልቃል።

"ምን ሆነሻል የኔ ዓለም?"

"ምንም አልሆንኩም ሲቲ።" እዚህ መካ የተወለዱት አያትን እንዲህ ነው የሚጠሩት።

"እህል ከቀመስሽ ስንት ቀንሽ ነው?"

"ጀመረች ደግሞ! ሠርጌ ወር አልቀረውም፣ ቀሚሱ አልዘጋ ብሏል። የአዲል እናት በሰው ፊት 'ሙሽራችን ሁለት ወንበር ትፈልጋለች' ስትል አልሰማሽም?"

ሰምቻለሁ። የሙሽራው እናት እንዲያ ስትል ሰምቼ ዝም ማለቴ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ጠዋት አልጋዋን ሳነጥፍ ከትራሷ ሥር ያገኘሁትን የክኒን ፓኮ አወጣሁ። አገር ቤት እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምሬያለሁ፤ ቁርኣን ስለቀራሁ የዓረብኛውም ፊደል አያቅተኝም። የደም ግፊት መድኃኒቴን አጠገቡ አድርጌ አስተያየሁ። የእኔው ላይ የፋብሪካው ስም፣ አገሩ፣ የሚያበቃበት ቀን አለ፤ ምን ምን ሊያስከትል እንደሚችል የሚናገር ወረቀትም ታጥፎ ገብቶበታል። የእሷው "ከዕፅዋት ብቻ፣ በወር አሥራ አምስት ኪሎ የሚቀንስ" ይላል። ሌላ ምንም የለውም።

"ማነው የሠራው ይሄን?"

"የሀያት ነው። እስቲ ማስታወቂያዋን እዪ።"

ሀያት የእህቴ ልጅ ናት፣ ጅዳ፣ ሰቢል ሠፈር የምትኖረው። ስልኩ ላይ ሁለት ፎቶዋ ጎን ለጎን ተደርጓል። በአንዱ ሆዷ ተገፍቶ ፊቷ አብጧል፤ በሌላው ሸንቃጣ ናት። "በሦስት ወር!" ይላል። ከወፍራሟ ጀርባ ያለውን አረንጓዴ መጋረጃ ሳየው ደነገጥኩ። የእኛው ሳሎን ነው።

"ሱረያ፣ ይሄ እኮ ሐምዛን አርግዛ በዘጠኝ ወሯ የዱዓ ወዳጃ ስናደርግላት የተነሳችው ነው! ሴቶቹ ሲመርቋት ገንፎውን ያቀረብሽው አንቺ ነሽ። ይሄ ውፍረት ነው? ልጅ ነው እንጂ!"

ያመነችኝ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን የስልኩን ገጽ በጣቷ ወደ ላይ ገፋ አድርጋ ቪዲዮ ከፈተች።

የራሴን ድምፅ ሰማሁ። እጄን ዘርግቼ፣ "የነካሽው ይባረክ፣ የቀመሰው ይፈወስ" እላለሁ። ፓኮው ፊቴ ተደርድሯል። ባለፈው ወር ሀያት መጥታ፣ "አክስቴ፣ ሥራ ጀምሬያለሁ፣ ዱዓ አርጊልኝ" ስትለኝ ነው። ምን ሥራ እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ዱዓ ላለ ሰው እጅ ይዘረጋል እንጂ ይመረመራል? ስልኳን ስትደግንብኝም ለእናቷ የምትልክ ነበር የመሰለኝ።

"ሁለት ሺህ ሰው አሚን ብሎበታል" አለች ሱረያ። "እኔም ብያለሁ። ሀያትን አምኜ የዋጥኩት መሰለሽ?"

"ምን እንደሆነ ሳላውቅ ነው ልጄ።"

"ሳታውቂ ነው እኛን አሚን ያስባልሽን?"

"ተነሺ፣ ሐኪም ጋ እንሂድ፤ ልብሽ ልክ አይደለም" አልኳትና ፓኮውን በእጄ እንደጨበጥኩ ጉያዬ ሸጎጥኩት።

መጣችና ጣቶቼን አንድ በአንድ አላቀቀች። እጇ በረዶ ሆኗል። ፓኮውን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ አባያዋን ደረበች።

"ሱረያ፣ በአላህ ይሁንብሽ!"

ዘወር ብላ እንኳን አላየችኝም። በሩን ቀስ አድርጋ ዘግታው ወጣች።